ጋሽ ብቅብዬ እና የሦስተኛው ገንዳ እናቶች

ጋሽ ብቅብዬ ውሽማ አላቸው ተባለ። ወሬውን ያመጣችው የአክስቴ ጎረቤት ናት፤ እሷ ደግሞ ያላየችውን አታወራም፣ ያየችውን ግን ሦስት እጥፍ አድርጋ ነው የምታወራው። ማስረጃዋ ይህ ነበር፦ ሰውየው በዕረፍት ቀናቸው ጢማቸውን ተላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ «ብቅ ብዬ ልምጣ» ብለው ከቤት ይወጣሉ። ብቅ ያሉት ሰውዬ ግማሽ ቀን ጠፍተው ይመለሳሉ። ሲመለሱ እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ርሷል፣ ፊታቸው ፈክቷል፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታሉ። «እንግዲያው ሴትየዋ ዓሣ ሻጭ ናት» ብሎ የአክስቴ ቤት ጉባኤ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። አንዷማ መልኳን ሁሉ ነገረችን፤ ጠይም፣ ሞላ ያለች፣ አንድ የወርቅ ጥርስ ያላት።

እኔ ያደግሁት በዚያ ጉባኤ ውስጥ ነው፤ ወሬ ስሰማ ቆሜ በአክብሮት ነው የምሰማው። ይሁንና ከጋሽ ብቅብዬ ጋር በአንድ ግቢ አምስት ዓመት ሠርቻለሁና ይህችን አንዷን ላርማት። አንዲት ውሽማ አልነበረቻቸውም። ስድሳ ሁለት ነበሩ፤ ሁሉም ሦስተኛው ገንዳ ውስጥ ይዋኛሉ።

ባለቤታቸው ያወቁት ከሁላችን በፊት ነው። ሴቶቹ ሊያጽናኗቸው ቢመጡ እንዲህ አሏቸው፦ «ሴት ብትሆን ጸጉሯን ይዤ እጎትታት ነበር፤ ጸጉር የሌላትን በምን ልያዛት?»

በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ዳቦ ቤት ከሆነ ምድጃው ያለ እሱ አይግልም፤ ማተሚያ ቤት ከሆነ ቀለሙ ያለ እሱ አይደርቅም። የዓመት ፈቃድ ስጡት፣ የሕመም ፈቃድ ስጡት፣ ከፈለጋችሁ ጡረታ ስጡት፤ «ብቅ ብዬ ልምጣ» ይላል። ሕንፃውን በጭንቅላቱ ደግፎ የያዘው፣ ዘወር ያለ ዕለት የሚናድበት ይመስለዋል። እኛም እንስቅበታለን። የሚያናድደው ነገር፣ ዘወር ያለ ዕለት አንዳንዴ እውነትም ይናዳል።

የእኛ ሕንፃ ዓሣ ማርቢያ ነበር። ዓሣ ሲባል ሰው ሐይቅ ይጠብቃል፣ ጀልባ ይጠብቃል። የመጣ እንግዳ ሁሉ በር ላይ ቆሞ «ውኃው የት ነው?» ይላል። ሐይቅ የሚባል በአጠገባችን የለም። ያለው ከጉድጓድ የሚሳብ ውኃ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም አዳራሽ፣ አሥራ ሁለት ክብ ገንዳ፣ መቼም ቢሆን ዝም የማይሉ ፓምፖች ናቸው። ያው ውኃ በማጣሪያ እያለፈ፣ እየታደሰ፣ ዞሮ ይመለሳል። የምናረባው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ነበር። እኔ የመኖ መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ፤ ከዓሣ ጋር የነበረኝ ዝምድና በጆንያ በኩል ነው። ጋሽ ብቅብዬ ግን የገንዳዎቹ ሰው ናቸው። ወረቀት ላይ «የዓሣ ርባታ ሠራተኛ» ተብለው ቢጻፉም፣ እኛ ሙሉ ማዕረጋቸውን አናጓድልም፦ ክቡር የገንዳዎች የበላይ ጠባቂ፣ የፓምፖች ሐኪም፣ የቆሮሶዎች ሞግዚት።

ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት እኛን አይደለም። በሩ ላይ ቆመው፣ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ሻይ ይዘን እየተሳሳቅን ሳለ እጃቸውን አነሱ።

«እስቲ ዝም በሉ። አምስተኛው ገንዳ ላይ ያለው አየር መንፊያ ጉሮሮውን ይዞታል።»

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ጫጫታ እያለ እንዴት ለዩት?» አለ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው።

«አንተ ልጅህ ከሌላ ክፍል ሲያስል አትለየውም?»

ሄዶ ፈታው። ውስጡ ተሰነጣጥቆ የአንድ ቀን ዕድሜ ብቻ ቀርቶት ነበር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ለሳምንት ያህል ዓይናቸውን ቀና ብሎ አላየም።

የውኃውን ሙቀት የሚለኩት በክንዳቸው ነው። ክርናቸውን ነከር፣ ዓይናቸውን ጨፈን፣ «ሃያ ሰባት፣ ትንሽ ፈሪ» ይላሉ። ፈሪ ማለት ወደ ታች ያዘነበለ ማለት ነው። ቴርሞሜትሩ ሃያ ዘጠኝ ያለ ዕለት ሁላችንም ተሰብስበን ጠበቅናቸው፤ እንዲህ ያለ ደስታ በየቀኑ አይገኝም። ቴርሞሜትሩን ተቀብለው ግንባሩን እንደሚነካ ሐኪም ዳሰሱት። «ይህ ልጅ አሞታል» አሉ። ባትሪው አልቆ ኖሯል።

ለዓሣ ማብላትማ፣ እኔ እንኳን ጆንያ ከፍቶ መገልበጥ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው አንድ እፍኝ ይበትኑና ይቆማሉ። ያያሉ። ዓሣዎቹ ውኃውን እያፈሉ ከመጡ ሌላ እፍኝ። ዳር ዳር እያሉ ከመጡ ግማሽ እፍኝ። አንዷ ጉርሻዋን አፏ ውስጥ አስገብታ መልሳ ከተፋች ጣሳው ይከደናል። «በሬ ቢርበው ይጮሃል፣ ዶሮ ቢያማት ታቃስታለች፣ ሰውማ ሳይርበውም ይጮሃል» ይሉናል። «ዓሣ አይጮህም። ስለዚህ ዓይንህ ነው ጆሮህ።» ይህችን «ዓሣ አይጮህም» በቀን አሥር ጊዜ እንሰማታለን። መብራት ጠፋ፣ ዓሣ አይጮህም። አርፍደህ መጣህ፣ ዓሣ አይጮህም። አንድ ጊዜ የጥበቃ ሠራተኛው ደመወዝ ዘገየ ብሎ ሲያማርር «አንተስ ታድለህ፣ ዓሣ አይጮህም» አሉት።

ሰዓት ተሞልቶለት በራሱ የሚያበላ መሣሪያ የመጣ ጊዜ፣ ሳምንት ሙሉ አጠገቡ ወንበር ይዘው ተቀመጡ፤ ልክ ልጃቸውን ለማግባት እንደመጣ ሰው ከእግር እስከ ራሱ እያዩ። ስምንተኛው ቀን ላይ ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «ሥራውን ያውቃል። ማየት ግን አይችልም።» ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ሲያበላ እሳቸው ያዩለታል፤ አንዱ እጅ፣ አንዱ ዓይን ሆነው ተስማምተው ኖሩ።

ትልልቁን ከትንንሹ በምንለይበት ቀን ደግሞ ወዮልን። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ስለሚያስርቧቸው በየጊዜው በመረብ ተይዘው ይለያሉ። ዓሣ በደረቅ እጅ የነካ ሰው ወዮለት። «የዓሣ ገላ ላይ ያለው ልስላሴ ካፖርቱ ነው፤ በደረቅ እጅህ ገፈፍከው እኮ! አንተን በጠራራ ፀሐይ ቆዳህን ቢገፍፉህ?» እሳቸው እጃቸውን ነክረው፣ ዓሣዋን ከሆዷ ደግፈው፣ በአንድ እይታ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ይሰዷታል። ሚዛን ላይ ብናወጣት የሚሳሳቱት በአንድ ቁንጥጫ መኖ ያህል ነው።

ስድሳ ሁለቱ እናቶች ግን ሌላ ነበሩ። የግቢው ዓሣ ሁሉ ከእነሱ ነው የሚወለደው። ቆሮሶ እንቁላሏን ጥላ አትሄድም፤ አፏ ውስጥ ሰብስባ ትይዘዋለች። እስኪፈለፈል ድረስ አትበላም። ጋሽ ብቅብዬ አፏ የሞላውን እናት ከሩቅ ያውቋታል፤ ጉንጯ ነፋ ይላል፣ ከሌሎቹ ራቅ ትላለች። በእርጥብ መዳፋቸው ያነሷትና በትንሿ ጣታቸው አፏን ከፈት አድርገው እንቁላሉን ወደ መፈልፈያው ጠርሙስ ያንጠባጥቡታል። ያን ጊዜ ብቻ ነው ቀልድ የማይቀበሉት። «ይህች ሁለት ሳምንት አልበላችም፣ አንተ ሻይህ ቀዘቀዘ ብለህ ትነጫነጫለህ» አሉኝ አንድ ቀን። ከዚያ በኋላ ሻዬን እንደ መጣ ነው የምጠጣው።

ዛሬ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግድግዳው ላይ ማያ ገጽ ተሰቅሏል፤ አንድ ነገር ሲጓደል ስልክ ላይ ይጮሃል አሉ። እኔም ከለቀቅኩ ቆየሁ። ነገር ግን ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር፣ ከሥሩ የፓምፕ ጉርምርምታ የጎደለ ይመስለኝና ጭንቅላቴን ዘንበል አደርጋለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጋሽ ብቅብዬ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ያኔ ነርስ ሆና ልትመረቅ ነበር። በልጅነቷ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን በተደረገ ቁጥር አባቷ «ብቅ ብዬ ልምጣ» ብለው ወጥተው፣ ወንበሮቹ ሲሰበሰቡ ይደርሱ ነበር። አንዴ ፓምፕ፣ አንዴ የተቀደደ መረብ፣ አንዴ ምንም፤ ዝም ብሎ ልባቸው አላረፈም። ታዲያ ልጅቷ ወር ሲቀራት እንዲህ አለቻቸው፦ «አባዬ፣ ስጦታ አልፈልግም። ስሜ ሲጠራ እዚያ ሁን።»

ቃል ገቡ። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ፈቃድ ጠየቁ፤ በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ባለቤታቸው ለቃሉ ዋስትና እንዲሆን ቦት ጫማቸውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ያኔ ደግሞ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጥታልናለች። ደግ ሴት ናት፣ ንጽሕና ትወዳለች። ሰኞ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ሐሙስ ጠዋት ግቢውን ስትዞር የእናቶቹ ገንዳ ማጣሪያ ጋ ቆመች። ውስጡ የተሞላው በትንንሽ ፕላስቲኮች ነው፤ በላያቸው ላይ ቡናማ ልጋግ ተለድፏል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች አፍንጫዋን ይዛ። «ዓሣዎቹ የሚጠጡት በዚህ ያለፈውን ነው?»

እዚያ ላይ አንድ ሰው «እመቤቴ፣ ጋሽ ብቅብዬ እስኪመጡ እንተወው» ማለት ነበረበት። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። እኔ ግን «እውነትዎን ነው፤ እኔም ሲሸተኝ ነው የከረመው» አልኩ።

በበረኪና አጠብነው። ሦስቴ አለቀለቅነው። እኔማ እያንዳንዷን ፕላስቲክ በብሩሽ ፈተግሁ፤ በሕይወቴ እንዲህ ተግቼ ሠርቼ አላውቅም። በዚያ ቡናማ ልጋግ ላይ ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት ይኖራሉ፤ ዓሣዎቹ የሚያወጡትን መርዝ እየበሉ ውኃውን የሚያድኑት እነሱ ናቸው። ይህን ያወቅሁት ሁሉንም ከፈጀሁ በኋላ ነው። ውኃው ግን ምን ልበላችሁ፣ መስታወት ሆነ! እናቶቹ አየር ላይ የተንሳፈፉ መሰሉ። ሥራ አስኪያጇ አጨበጨበች። እኔም እንግዶቹ ፊት ወፈር ብለው እንዲታዩ ብዬ መኖውን እጥፍ አደረግሁላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ስንገባ እናቶቹ በሙሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው አየሩን ለካ፤ አየሩ በቂ ነው። ፓምፑን አየ፤ ይሠራል። «ሁሉም ደህና ነው» አለ፤ ከእናቶቹ ሁለቱ እዚያው ፊታችን በጎናቸው ተኙ።

«ይደወልላቸው» አለች ሥራ አስኪያጇ፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። «እነዚህ ካለቁ ጫጩት የለም። ጫጩት ከሌለ ይህ ግቢ የለም።»

«ዛሬ? ልጃቸው በምትመረቅበት ዕለት?» አልኳት።

«አንተ ደውል። አንተን ይወዱሃል።»

ደወልኩ። ከወዲያ በድምፅ ማጉያ ስም ይጠራል፣ ጭብጨባ ይከተለዋል፣ እንደገና ስም ይጠራል።

«ማነው?» አሉ በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። እንኳን ደስ ያለዎት።»

«ይህን ልትለኝ ነው የደወልከው?»

«አዎ... እናቶቹም ትንሽ ላይ ላይ አሉ።»

ስም ተጠራ። ተጨበጨበ።

«ላይ ያሉት የውኃው መግቢያ ጋ ነው ወይስ በሁሉም በኩል?»

«በሁሉም በኩል።»

«እንቁላል ተፍተዋል?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። «ታች ላይ ቢጫ ቢጫ ፍሬ አለ።»

ትንፋሻቸውን ሰማሁት። «መደርደሪያዬ ላይ የመርዝ መለኪያ ጠብታ ያለበት ጠርሙስ አለ። ከገንዳው ውኃ በብልቃጥ ቅዳና ጠብ አድርግበት። ቢጫ ከሆነ ደግ ነው። ምን ሆነ?»

«አረንጓዴ ነው ጋሼ። ደስ የሚል አረንጓዴ።»

ብዙ ቀልድ ቀልጃለሁ፤ ማንም ያልሳቀበት ይህ ብቻ ነው።

«ማጣሪያውን ምን አድርጋችሁታል?»

«ታጥቧል» አልኩ፤ ራሱ ገላውን የታጠበ ይመስል።

«በምን?»

«በበረኪና።»

ስም ተጠራ። ተጨበጨበ። «ስማኝ» አሉ፤ ሹክሹክታው ጠፍቷል። «መኖ አቁም። ከታች ሲሶውን ውኃ አውጡና የጉድጓዱን አስገቡ። የጉድጓዱ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ካፈጠናችሁ ብርዱ ይገድላቸዋል፣ ካዘገያችሁ መርዙ። ቀስ ብላችሁ።»

«ቀስ ማለት ምን ያህል ነው?»

«እጄ እስኪለምደው—» ብለው አቆሙ። እጃቸው አጠገባቸው ነበር፤ ምረቃ አዳራሽ ውስጥ፣ የአዲስ ሱፍ እጅጌ ለብሶ።

«ቁጭ በል!» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። «ገና ሁለት ረድፍ ነው የቀራት!»

«እናቶቹ እየሞቱ ነው።»

 ሦስት ስም እስኪጠራ ቆጠርኩ። ከዚያ ባለቤታቸው፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ሰምቼባቸው የማላውቀውን ለስላሳ ድምፅ አወጡ፦ «ሂድ በቃ። ሁለት እጅ አለኝ፤ ለሁለታችንም አጨበጭባለሁ።» ስልኩን ተቀበሉና ለእኔ ደግሞ የቀድሞውን ድምፅ መለሱ። «አንተን ግን አገኝሃለሁ!»

ጋሽ ብቅብዬ ክራቫታቸውን በትከሻቸው ላይ ወርውረው፣ በአዲሱ ጫማቸው እየሮጡ ገቡ። ማንንም አልተሳደቡም። ኮታቸውን አውልቀው ለሥራ አስኪያጇ አስያዟት፣ እጃቸውን ሸሚዝ እንደለበሰ ገንዳው ውስጥ ከተቱት።

«ክፈት... ትንሽ... ያዝ። ክፈት... በቃ! ያዝ አልኩህ!»

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መክፈቻውን በጣት ስፋት እያዞረ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመ። እኔን ወደ ትልልቆቹ ገንዳዎች ማጣሪያ ወሰዱኝ፤ እሱንም ልናጥበው ለእሑድ ቀጥረነው ነበር፣ ቅዳሜ ቀድሞ አዳነው። በላዩ ላይ ያ ልጋግ እንዳለ አለ። «በውኃ ውስጥ ይዘህ። ሳታጥብ። ሳታደርቅ። ሳትነቀንቅ።» ሐሙስ በብሩሽ ያሳደድኳቸውን ጉዶች ቅዳሜ በባልዲ እንደ አራስ ልጅ አቅፌ ወደ እናቶቹ ማጣሪያ ተመላለስኩ። ሥራ አስኪያጇ ተረከዛም ጫማዋን አውልቃ ከኋላዬ ባልዲ ትሸከማለች። በመጨረሻ የታጠበውን ማጣሪያ አዩት፤ ነጭ፣ አንጸባራቂ።

«አጠባችሁ ግን ጎበዞች ናችሁ» አሉ።

በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ከስድሳ ሁለቱ ዘጠኙ ሞቱ። እርጥብ ጆንያ ላይ አስተኝተው አንድ በአንድ አዩአቸው። አንደኛዋ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና በትንሿ ጣታቸው አፏን ከፈቱት። ሌሎቹ እንቁላላቸውን ሲተፉ እሷ አልተፋችም፤ እንደ ያዘች ነው የሞተችው። ወደ መፈልፈያው ጠርሙስ አንጠባጠቡት። 

ከሰዓት በኋላ የቀሩት እናቶች አንድ በአንድ ወደ ታች ወረዱ። ጋሽ ብቅብዬ ግን እጃቸውን ከገንዳው አላወጡም። ያኔ ነው በሩ ላይ ልጃቸው የቆመችው፤ ከነጥቁር ጋዋንዋ፣ ቆቡን በብብቷ ይዛ፤ እናቷ ከኋላዋ ናቸው። ግቢው ውስጥ ያደገች ልጅ ናትና ጫማዋን አውልቃ፣ ጋዋኗን ሰብስባ፣ እግሯን በር ላይ ባለው መታጠቢያ ውስጥ ነክራ ገባች። ገንዳው ዳር መጥታ አጠገባቸው ቆመች። እናቶቹን አየች፤ የአባቷን የበሰበሰ እጅጌ አየች። እናቷ ፊታቸውን ወደ ፓምፑ አዞሩ። እኔ ባልዲዬን ማየት ጀመርኩ።

ስለ ጋሽ ብቅብዬ ስንቱን አውርቻለሁ፤ ግማሹንም እኔው ነኝ የጨመርኩበት። በዚያች ሰዓት ልጃቸውን ቀና ብለው ሳያዩ የጠየቋትን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁም። እዚያ የነበርነው ሁላችንም ሰምተናል።

«የእኔንም ስም ከስምሽ ጋር ጠሩት?»